እጅጌው

ቧንቧ ውሃ መውረጃ፣ ከጫማ አዳሹ ጎን፣
የጋሽ ሙሄ ሱቅ ውስጥ እሁድ ማታ ሲሆን
ልብስ አይሰፋም።
መኪናው ክዳን ለብሶ ተኝቷል፣
መቀሱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣
እኛ አግዳሚው ላይ ተጣበናል፤
የጦሳ ጉም በሩን ተደግፎ
እንደ ልማዱ ሳይከፍል ያያል።

“የጋራ ቆጣሪ” ይጀምራል።
አምስት ተከራይ፣ አንድ የመብራት ሂሳብ፣
አሥራ አንድ ዓመት ያላለቀ ጠብ፤
በር ላይ ዘበኛው ጓንጉል፣ በዚያ በሰፊው ካፖርት፣
ፊሽካውን ፈልጎ የሚያጣት በጭንቁ ሰዓት።
ሌባው ጀነሬተር አዝሎ “ደህና እደር” ብሎት ሲሄድ
እሱ ገና ከደረት ኪሱ ወደ ጎን ኪሱ ሲወርድ።

ከአረፋ ማግስት ግን
ካፖርቱ ያው፣ ፊሽካው ያው፣
ፊቱ የሌላ ሰው።
ተከራዮቹ “ጓንጉል!” ብለው ጠሩት፣
“አቤት!” አለ
ያለ እፍረት።

እትየ ዘምዘም ናት መጀመሪያ የተነፈሰችው፦
“ያ ልጅስ? ታሞ ነው?”
አሰግድ፣ ባለ ባጃጁ፣ የማያውቀው የሌለ፣
“በደሞዝ ተጣልቶ ነው” አለ።
ጦይባ “ዓረብ አገር ነው” አለች።
“ሞቷል” ያለም ነበር፤
ሦስት ሰው ባንዴ “ሟርተኛ!” ብሎ ጮኸበት።
እውነቱ ግን፣ አሥራ አንድ ዓመት ቤታችን ሲገባ ሲወጣ
የእናቱን ስም እንኳ ጠይቀን አናውቅም።

ጋሽ ሙሄ ፊቱን አላየም።
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብሎ፣
“አላጠበቡለትም” አለ።
“ትከሻው ሁለት ጣት ወርዷል፣
እጅጌው መዳፉን ውጦታል።
ሰው ሲቀየር ልብስ ይለካል እንጂ!
የሰው አልብሰው ሳቁ ይሉናል?”
ስፒል በከንፈሩ ይዞ
የሚወጋው ሰው ያጣ ይመስላል።

ይኼን የሚለው ሰው
በዚያ በክፉው ጥቅምት ሱቁን ጥሎ ወጥቶ፣
ሲመለስ፣ ቴሌቪዥኑ በነበረበት ግድግዳ
አራት የብሎን ቀዳዳ ያገኘ ሰው ነው።
እኛም ከደብረ ብርሃን፣ ከየዘመዱ ቤት ስንመለስ
አግዳሚው ሰፍቶ ጠበቀን።
ይማም አልመጣም፤
ከዳር የሚቀመጠው፣
ቀልዱ ሳያልቅ ቀድሞ የሚስቀው።
አሁን እዚያ አሰግድ ይቀመጣል።
ሁለት ወር ማንም አላናገረውም ነበር፤
ጥፋቱ መቀመጡ ነበር።

ሁለተኛው እሁድ፣ ዝም አልን።
ሦስተኛው እሁድ መብራት ጠፋ፣ ደስ አለን።
በአራተኛው፣ በማስታወቂያው መሃል፣
የቀለም ቆርቆሮ ያንጠለጠለ፣ ፊቱን ኖራ የመሰለ፣
የድሮው ጓንጉል!
“ዝናብ አይፈራ፣ ፀሐይ አይፈራ” እያለ ስለ ግድግዳ።
አጨበጨብን። ለቀለም።
እትየ ዘምዘም “ከሳብኝ” አለች።
ልጇ ከጅቡቲ በስልኩ ፊቱን ሲያሳያትም
የምትለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ አንድ እሁድ፣ ስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣
ሌባው መጣ።
ሰውየው ወደ ፊሽካው እጁን ሰደደ፤
እጁ ግን ከእጅጌው አልወጣ።
ፈለገው። ፊሽካውን አይደለም፣ እጁን።
በግራው ፈለገ፣ ከወንበሩ ስር ፈለገ፣
“ወንድሜ፣ እጄን አይተሃል?” ብሎ ሌባውን ጠየቀ።
ሌባውም ጀነሬተሩን አውርዶ
አብሮት ይፈልግ ጀመር።

ከአግዳሚው ዳር አንድ ሳቅ አመለጠ፣
ቀልዱ ሳያልቅ፣ ቀድሞ።
አሰግድ ነው።
ዞረን አየነው።
ከዚያ ጦይባ፣ ከዚያ እኔ፣
እትየ ዘምዘም አፏን በሻርፗ አፍና
ትከሻዋ አሳበቃት።
“ያኛው ይሻላል” አለች፣ እንባዋን እየጠረገች።

ጋሽ ሙሄ ብቻ
“ምናለ ቢያሳጥሩለት” እያለ መብራቱን አጠፋ።

በሚቀጥለው እሁድ አሳጠሩለት።
ልክ አንጓው ላይ፣ ንጹሕ ስፌት፣
ክሩ እንኳ የማይታይ።
ጋሽ ሙሄ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣
ደጋግሞ አየ፣
ከዚያ ስፒሉን ከአፉ ተፍቶ ጮኸ፦
“ማነው ይኼን እጅጌ የነካው?”